በቁም የተጻፈ ምስጋና

ቡሩልቻ በወጣትነቷ በመንግሥት እርሻ ውስጥ የበግ ጠጉር ትለይ ነበር። ነጩን ከግራጫው፣ ለስላሳውን ከሻካራው ስትለይ ትውልና ቤቷ ስትገባ ደግሞ ለወረዳው ጋዜጣ ትጽፋለች። ጻፊ ያላት አልነበረም። አንድ ክረምት የጎረቤት ላም በረዶ ውስጥ ገብታ አንድ የትራክተር ሾፌር ጎትቶ አወጣት፤ የላሟ ባለቤት ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ላሟን እየነዳ ወደ ግቢው ገባ። ይሄ ቡሩልቻን አናደዳት። ሰው እንዴት አመሰግናለሁ ሳይል በሩን ይዘጋል ብላ በእሱ ፈንታ ምስጋናውን ጽፋ ላከችው፤ ታተመም። ሾፌሩ ወረቀቱን ቆርጦ እስኪበጣጠስ ድረስ በደረት ኪሱ ይዞት ዞረ።

ከዚያ ወዲህ በናሪን ወንዝ ዳር ባሉት መንደሮች ሐኪም ያዳነው፣ መምህር ልጁን ሰው ያደረገለት፣ የጠፋ ፈረሱን መንገደኛ የመለሰለት ሰው ሁሉ ወደ ቡሩልቻ በር ይመጣል። "አፓ፣ አንዲት ምስጋና" ይላታል፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ ዳቦ ቤት ገብቶ አንድ ዳቦ እንደሚል። እሷም መነጽሯን ታደርጋለች፣ ሰውየው የረሳውን እየጠየቀች ታወጣዋለች፣ ጽፋም በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ወደ ከተማ ትልከዋለች። የሐዘን መግለጫም ትጽፋለች። እሱን ግን ስትጽፍ ፊቷ ስለማያምር ልጆች አጠገቧ አይደርሱም።

ለቤቷ ሰው ሲሆን ግን ምላሷ ሌላ ነው። የአንድ ልጇ የሜደር ሚስት ጃንል ከሙሽርነቷ ጀምሮ በዚያ ቤት ቀድማ ተነሺ፣ መጨረሻ ተኚ ናት። ሻይ ቀጂዋ እሷ፣ ላም አላቢዋ እሷ፣ ለሽማግሌ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳው እሷ። ቡሩልቻም ሻዩ ቀጠነ፣ ዳቦው ጠነከረ፣ ምድጃው አጨሰ ስትል ትውላለች። ክፉ ሆና አይደለም። ምራት አትመሰገንም፤ ያገሩ ሰው እንዲህ ነው። የተመሰገነች ምራት ወይ ዓይን ይበላታል ወይ ትጠግባለች ይባላል። ቡሩልቻን ራሷን ስታገባ ማን አመሰገናት? አማቷ የሞተች ዕለት "ደህና ልጅ ነበረች" ብላለች ይባላል፤ እሱንም የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

ጃንል ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጇን ተመልሳለች። አሁን በሦስተኛው የደም ግፊቷ እየጨመረ አስቸግሮ ሐኪሞቹ ከተራራው ማዶ ዋናው ከተማ ቢሽኬክ ወስደው አስተኝተዋታል። እስክትወልጂ ከአልጋ አትነሺም ብለዋታል፤ ልጁንም በቀዶ ጥገና ነው የምናወጣው ብለዋል። ሜደር ሩሲያ ውስጥ ፎቅ ይሠራል፤ ሥራውን ጥሎ ቢመጣ ለሆስፒታሉ የሚላክ ገንዘብ አይኖርም። ቡሩልቻ ደግሞ ከብቱን ለማን ትታ ትሂድ? እንዲህ ሆነና ሦስቱ በሦስት ቦታ ተቀምጠው በስልክ ይጨነቃሉ። ጃንል በየቀኑ ከምሳ በፊት ትደውላለች። "ደህና ነኝ አፓ፣ ከብቶቹስ?" ትላለች። ቡሩልቻም ስለ ከብቶቹ ትነግራታለች። ልቧ ተሰቅሎ የዋለችበትን ነገር አንስታ አታውቅም።

ጃንልን የጫነው መኪና የዶሎንን ተራራ ሊወጣ የተነሣ ዕለት ቡሩልቻ ተሳለች። ምራቴና በሆዷ ያለው ከተረፉልኝ፣ ሐኪሞቹን በወረዳው ጋዜጣ ስማቸውን እየጠራሁ አመሰግናለሁ አለች። በግ አርዳለሁ ማለት ትችል ነበር፤ በግ ግን ማንም ያርዳል። እሷ ያላት የተሻለ ነገር ይሄው ነው።

ታዲያ አንድ ማለዳ የጋዜጣው አዘጋጅ ኢሰንባይ ደወለላት። እንደ ልማዱ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ ጠየቀ። ከዚያ ጋዜጣው ሊዘጋ መሆኑን ነገራት። ከእንግዲህ ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚያነበው፤ ለወረቀቱ የሚከፍል የለም፤ የፊታችን ዓርብ የሚወጣው የመጨረሻው ነው።

"ከዚያ በኋላስ?" አለችው።

"ከዚያ በኋላማ ምንም። አፓ፣ ያለዎትን ይላኩልኝ። የእርስዎ ጽሑፍ የሌለበት የመጨረሻ እትም ማውጣት አልፈልግም።"

ስልኩን ዘጋችና ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። ቀዶ ጥገናው ከዓርብ በኋላ ነው። ስለቷ በምን ይወጣል? ከወሊዱ በፊት ሐኪሞቹን አመስግና ብትጽፍስ? በዚያ አገር ልጅ ሳይወለድ አልጋው እንኳ ከቤት አይገባም፤ የጃንል ልጅ የሚተኛበት የእንጨት አልጋ አሁንም ጎረቤቷ ካሊፓ ቆጥ ላይ ተሰቅሎ አለ፤ ስሙንም የሚያነሣው የለም። ያልተወለደን ልጅ በጋዜጣ ተወልዷል ብሎ ማተም ሞትን በስሙ ጠርቶ ቤት እንደማስገባት ነው። ስለቷን ትታው ዝም ብትልስ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የልጅ ልጅ ጠብቆ አያውቅም ማለት ነው። ቡሩልቻ ሁለቱንም ማጥፋት አልፈለገችም። በሁለቱ መካከል ግን መንገድ አልታያትም።

ወደ ካሊፓ ሄዳ አማከረቻት። ካሊፓ ነገር የማታካብድ ሴት ናት። በሬዲዮ አስነግሪው አለቻት፤ ወይ በግሽን እረጅና እንብላ አለቻት። ቡሩልቻ ተቆጥታ ወጣች። በመንገድ ላይ ግን አንድ ነገር መጣላት። ገና ላልሆነው ነገር ማመስገን ነውር ነው፤ ለሆነውስ? የሆነውን ማን ይነጥቃል? ጃንል እስካሁን ያደረገችው ተደርጎ አልቋል። ሕመምም ሆነ ሐኪም ያንን መልሶ ያልተደረገ ሊያደርገው አይችልም። ለእሱ ብታመሰግን ከአላህ ጋር ክርክር የለባትም፤ ለስለቷም ቢሆን መያዣ ይሆናታል።

ተቀመጠችና ጻፈች። ለሌላ ሰው ስትጽፍ እጇ ይፈጥን ነበር። አሁን ግን አንድ መስመር ጽፋ ትቆማለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ትሰርዛለች። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

"በዚህ ጋዜጣ ለብዙ ሰው ምስጋና ጽፌያለሁ። ለቤቴ ሰው ግን ጽፌ አላውቅም። የልጄ ሚስት ጃንል ቤቴ ከገባች ጀምሮ እኔ ቀድሜያት ምድጃ አንድጄ አላውቅም። ባለቤቴ አልጋ ላይ ሲውል አገላብጣ ያጠበችው እሷ ናት፤ እኔ አልቻልኩም ነበር። ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን ከሐኪም ቤት ተመልሳ በማግስቱ ሻይ ቀዳችልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ጠጣሁ። አላህ ብድሯን ይክፈላት። አማቷ ቡሩልቻ።"

ደግማ ሳታነበው ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠችው። አውቶቡሱ ከኩርባው ሲጠፋ ወዲያው ጸጸታት። ሰው ምን ይላል? አሮጊቷ ጃጀች አይሉም? ዓይን ቢበላትስ? ኢሰንባይ ጋ ደውላ ተወው ልትለው ስልኩን አነሣች፤ አስቀመጠችው፤ ደግማ አነሣች። በመጨረሻ ሳትደውል ቀረች።

ዓርብ ደረሰ። ዓርብ ዓርብ ቡሩልቻ ለሟች ባሏ ነፍስ ሊጥ በዘይት ትጠብሳለች፤ ሽታው ለሙታን ይደርሳቸዋል ይባላልና። ጃንል በምትደውልበት ሰዓት መጥበሻውን እሳት ላይ ጥዳ ስልኩን አጠገቧ አስቀመጠች። ስልኩ አልጮኸም። ትንሽ ታገሠች። ራሷ ስትደውል ዝግ ነው የሚል የማታውቃት ሴት ድምፅ መለሰላት። ባትሪው አልቆ ይሆናል አለች። ተኝታ ይሆናል አለች። የመጀመሪያው ሊጥ አረረባት፤ ሁለተኛውን ሳይበስል አወጣችው። እንደገና ደወለች፤ ያችው ሴት መለሰችላት፤ ሰደበቻት። ወደ ሜደር ደወለች፤ እሱም አያነሣም፤ በሥራ ሰዓት ስልካቸውን ይሰበስቡባቸዋል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እያለች እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፤ ተመልሳ ትጠርጋለች፤ እጇ ግን ንጹሕ ነበር።

በዚህ መሐል የመኪና ድምፅ ሰማች። በመስኮት ስታይ የአሳንቁል ጭነት መኪና ነው። አሳንቁል የባሏ የአጎት ልጅ፣ የሠፈሩ ሽማግሌ ነው። መኪናው ላይ ክቡ የሱፍ ድንኳን ከነቀይ እንጨቶቹ ተጭኗል።

ያ ድንኳን በመንደሩ ውስጥ የሚወጣው ለሞት ነው።

ቡሩልቻ ቆማ ቀረች። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለች፤ እሷም ስንት ቤት ሄዳበታለች። ለሐዘኑ ባለቤት በስልክ አይነገርም፤ ሁሉም ሰው ሰምቶ እያለ ከባለቤቱ ይደበቃል፤ ኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ። ስልኩም የተዘጋው ለዚህ ነው። ሜደርም ያላነሣው ለዚህ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ወንዶቹ ከመኪናው ወርደው ከበሩ ወዲያ ሆነው ወገባቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ማልቀስ ጀመሩ። "ወይኔ ምራታችን! ወይኔ ጃንል!" እያሉ ወደ ግቢው ገቡ። ከኋላቸው ሴቶቹ፤ ፊት ፊት ካሊፓ ሻሿ ከራሷ ወርዶ። ቡሩልቻ የዚያን ጊዜ ወደ ደጅ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አፏ በራሱ ጊዜ ያለቅስ ጀመር። ልጄ አለች። ምራቴ አላለችም፤ ልጄ አለች። የማላውቀው ሰው እጅ ላይ ብቻዋን ጥያት አለች። ባሌን ያጠበልኝን እጅ ማን አጠበልኝ እያለች ስታለቅስ ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው ተቀበሏት። ካሊፓ እንደ ሕፃን አቀፈቻት።

ወንዶቹ የድንኳኑን እንጨት ማውረድ ጀመሩ። አሳንቁል ዓይኑን እየጠረገ አጠገቧ መጥቶ ቁና ቁና ተነፈሰና መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ። ሬሳው መቼ ይነሣል? መኪና ከዚህ ይላክ ወይስ ከዚያ ይከራዩ? ለሜደር ማን ነገረው? ሕፃኑስ?

ቡሩልቻ ቀና ብላ አየችው። "እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? ልትነግሩኝ አይደል የመጣችሁት?"

"ምኑን ነው የምንነግርዎ እትዬ?"

"መሞቷን። ማን ነገራችሁ? ከሆስፒታል ማን ደወለ?"

አሳንቁል ግራ ገባው። ወደ ካሊፓ አየ። ካሊፓ ወደ ሌሎቹ አየች። "እርስዎ ነዎታ የነገሩን" አለ ቀስ ብሎ። ከኮቱ ውስጥ የታጠፈ ጋዜጣ አወጣ። ሱቅ በር ላይ ተከፋፍሎ ሁሉም አንብቦት ነበር፤ የሱቋ ሴት ጮክ ብላ አንብባው አልቅሳለች። ወደ ቤቷ ሲመጡ ደግሞ የዘይቱ ሽታ መንገድ ላይ ተቀበላቸው። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል?

"ይሄ ምስጋና ነው!" አለች ቡሩልቻ።

"ምስጋና መሆኑንማ አነበብነው።"

"ሞተች የሚል የት አለ?"

አሳንቁል ጋዜጣውን ገልብጦ አየው፤ ሞተች የሚል የለበትም። ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ከዚያ በንዴትም በሐፍረትም፣ "ታዲያ እትዬ፣ ምራቱን በቁሟ የሚያመሰግን ሰው ከወዴት ይገኛል?" አላት።

እንጨቱን የተሸከሙት ወንዶች ያውርዱት ይመልሱት ሳያውቁ ቆመው ቀሩ። አንዷ ሴት መሳቅ ጀምራ አፏን በሻሿ አፈነች። ካሊፓ ግን አልሳቀችም፤ ቡሩልቻም አልሳቀችም። ከመርዶው የባሰ ነገር አሁን መጣባት። በሕይወት ላለች ሴት ተለቅሷል። ድንኳኗ ግቢ ገብቷል። ስሟ ከወይኔ ጋር ተጠርቷል። ከዚህ የከፋ ምን ሟርት አለ? ስልኩስ ለምን ተዘጋ? እነሱ ተሳስተው ቢመጡም ነገሩ እውነት ቢሆንስ? ያን ወረቀት የጻፈው እጅ የራሷ ነው።

"ደውሉ" አለች። "ለሆስፒታሉ ደውሉልኝ። እኔ አልችልም።"

የካሊፓ ስልክ ላይ ቁጥሩ ነበረ። ካሊፓ ደወለች፤ አላነሡም። ደግማ ደወለች። ግቢው በሙሉ የስልኩን ጥሪ ያዳምጣል። አንዲት ሴት አነሣችና የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ጠየቀች፤ ካሊፓ የጃንልን ስም ተናገረች። ሴትየዋ ትንሽ ይጠብቁ አለችና ሄደች። ቡሩልቻ የቤቱን ግድግዳ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አላህን ምንም አልጠየቀችውም፤ የምትጠይቅበት ቃል አልነበራትም። ጋዜጣውን መብላት ቢቻል ግን ትበላው ነበር።

ሴትየዋ ተመለሰች። የጃንል የደም ግፊት በማለዳ አሻቅቦ ቀዶ ጥገናውን ቀድመው አድርገውታል። እናቲቱ ነቅታለች። ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ ናት፤ የሙቀት ሣጥን ውስጥ አስገብተዋታል፤ ግን ትንፋሿን ራሷ ነው የምትስበው። ካሊፓ ቃል በቃል እየደገመች ተናገረች፤ ስትጨርስ ራሷ ቁጭ ብላ ስቅስቅ አለች። ወንዶቹ እንጨቱን መሬት ላይ ጣሉት። አሳንቁል ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ረጅም ጊዜ ቆመ።

ቡሩልቻ ግን አላመነችም። ለአሮጊት ብለው ቢዋሹስ? በዚያ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚደበቀው። "ድምፅዋን አሰሙኝ" አለች። "ድምፅዋን ካልሰማሁ አላምንም።" ካሊፓ ለመነች፤ ሴትየዋ ተቆጣች፤ በኋላ አዘነችላቸውና ስልኩን ይዛ ወደ ክፍሉ ሄደች።

"አፓ?" አለ ድምፁ። ቀጭን ነበር፤ ግን የጃንል ነው።

ቡሩልቻ የካሊፓን ስልክ ተቀብላ በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"አፓ፣ አሉ? አሁን ነው ስልኬን የከፈቱልኝ፤ አንዲት ወዳጄ ከወረዳው ከተማ መልእክት ልካልኛለች። ጋዜጣ ላይ ስለኔ ጽፈዋል ብላኛለች። እዚህ የኛ ጋዜጣ አይመጣም። ምን ብለው ነው የጻፉት?"

ቡሩልቻ ዞር ብላ አየች። አሳንቁል ጋዜጣውን ዘረጋላት፤ መነጽሯ ግን የት እንደወደቀ እንጃ። ፊደሉ አይታያትም። ወረዳው በሙሉ ያነበበውን ቃል ያላነበበችው አንዲቷ ሴት ስልኩ ውስጥ ሆና ትጠብቃለች፤ ግቢ ሙሉ ለቅሶ የመጣ ሰው ቆሞ ያዳምጣል። ቡሩልቻ ለስንት ሰው አመሰግናለሁ ጽፋለች፤ ለራሷ ሰው በአፏ ብላው ግን አታውቅም። እንዴት እንደሚባልም ጠፋባት።

"አመሰግንሻለሁ ነው ያልኩት" አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ መሰለ። "ስላለሽ። ከእኔ ጋር ስለኖርሽ። አመሰግንሻለሁ ልጄ።"

አጠገቧ ካሊፓ አሁንም ስቅስቅ ትላለች፤ ከወንዶቹም አንዱ ይናፈጣል፤ ይሄ ሁሉ በስልኩ ይሰማ ነበር።

"አፓ" አለች ጃንል። የድካሟ ድምፅ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። "ማን ሞቶ ነው? ሜደር ነው? ይንገሩኝ፣ አይደብቁኝ። ማን ሞቶ ነው እንዲህ የሚሉኝ?"

"ማንም አልሞተም" አለች ቡሩልቻ። "ማንም ስላልሞተ ነው።"